በቻይና ዕቃ ላይ ያለውን ጠማማ እንግሊዝኛ መፍታት፦ ለአዳማ ሸማችና ባለሱቅ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሪክና የቤት ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ አሥር ካርቶን ያገላበጠ ሰው የሚያስቅ እንግሊዝኛ አያጣም። ፓወር ባንኩ «ቻርጂንግ ትሬዠር» ይላል፤ ቻርጅ የሚያደርግ ውድ ሀብት እንደማለት ነው። የውሃ ማፍያው «ደረቅ ማቃጠል ክልክል ነው» ይላል። የፕላስቲክ ጓንቱ ላይ ያለው ደግሞ ልጆች ባሉበት ጮክ ተብሎ አይነበብም። ሰው ስቆ ያልፋል፣ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ይህ «ቺንግሊሽ» የሚባለው እንግሊዝኛ ግን ዝም ብሎ የተዘባረቀ አይደለም። ስህተቱ ወግ አለው፤ ወጉን ያወቀ ሰው ከስህተቱ ተነስቶ ፋብሪካው ሊል የፈለገው ላይ ይደርሳል።

የሚያስቀው ስህተት ብዙም አይጎዳም፤ ነገሩ እንደተበላሸ ማንም ወዲያው ያውቃል። ኪስና ጤና የሚነካው ትክክል መስሎ የሚያልፈው ነው፦ «ኤከር»፣ «ጋራንቲ»፣ «ሚኒት»፣ «ኪሎግራም»። ከዚህ በታች በቀልዱ ላይ ብዙ የማንቆየውም ለዚህ ነው።

ስህተቱ የሚወለድበት ቦታ

ቻይንኛ በቃላት መካከል ክፍተት የለውም። እኛ ድሮ ሁለት ነጥብ፣ ዛሬ ደግሞ ባዶ ቦታ እናስገባለን፤ እነሱ ፊደሉን ይደረድሩታል፣ የት እንደሚቆረጥ አንባቢው ራሱ ያውቃል። ማሽን ግን ይስታል። የእርጥብ ወለል ማስጠንቀቂያቸው አራት ፊደል ነው፦ «ሺያውሺን ዲ ኋ»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ተጠንቀቅ»፣ ሦስተኛው «ወለል»፣ አራተኛው «ያንሸራትታል» ናቸው። ችግሩ ሦስተኛው ፊደል «ደ» ተብሎም መነበቡ ነው፤ ያን ጊዜ ከፊቱ ያለውን «ተጠንቀቅ» ወደ «በጥንቃቄ» ይለውጠዋል። ቆረጣው አንድ ፊደል ሲዛነፍ ምልክቱ «በጥንቃቄ ተንሸራተቱ» ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሌላው ምንጭ አንድ ፊደል ብዙ ትርጉም መሸከሙ ነው። «ካይ» መክፈትም መፍላትም ስለሆነ የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ክፍል «የተከፈተ ውሃ ክፍል» ይሆናል። «ቹኮው» መውጫም ነው፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሸቀጥም፤ የድንገተኛ መውጫ በር ላይ «ኤክስፖርት» ተጽፎ የሚገኘው በዚህ የተነሳ ነው። «ሺንግ» ከቃል ኋላ ሲቀጠል የእኛን «-ነት» ያህል ነው፤ ለብቻው ሲቆም ግን ፆታ ወይም ወሲብ ማለት ነው። «አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት» የሚለው ቃል መጨረሻው «ሺንግ» ስለሆነ ጓንቱና የወረቀት ኩባያው «የአንድ ጊዜ ወሲብ» የሚል ይታተምባቸዋል። ዕቃው ምንም ነውር የለበትም።

ከሁሉም የከፋው «ጋን» ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣችው የፊደል ማቅለያ ዕቅድ «ደረቅ» እና «መሥራት» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ፊደሎች በአንድ ቀላል ቅርጽ ተጠቃለሉ። «መሥራት» የሚለው ደግሞ በመንገድ ቋንቋ ጸያፍ ትርጉም አለው። በ2000ዎቹ በሰፊው ይሠራበት የነበረ የትርጉም ሶፍትዌር ጸያፉን ስለመረጠ፣ የሱፐርማርኬት የደረቅ ምግብ መደርደሪያ ላይ በእንግሊዝኛ የሚያሳፍር ስድብ ተሰቀለ። በካርቶን ላይ ያለ ምክንያት ስድብ ካጋጠመዎት በቦታው «ደረቅ» የሚለውን ተክተው ያንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል።

ማሽኑ ጭራሽ ሳይመልስ የቀረበትም አለ። አንድ ምግብ ቤት በሩ ላይ ባሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ትራንስሌት ሰርቨር ኤረር» ነበር፤ ሶፍትዌሩ የመለሰውን የብልሽት መልእክት ስም መስሏቸው አሳተሙት። ቤጂንግ ውስጥ የብሔረሰቦች ፓርክም በአንድ ወቅት «ሬሲስት ፓርክ»፣ ማለትም የዘረኞች ፓርክ የሚል ምልክት ነበረው። ለ2008ቱ ኦሊምፒክ ሲዘጋጁ ምልክቶቹን ማጽዳት ጀመሩ፤ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሕዝብ አገልግሎት ቦታዎች ለሚጻፍ እንግሊዝኛ ብሔራዊ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል፤ ከ3,500 በላይ የተዘጋጁ አባባሎች አሉት። ደረጃው የሚመለከተው ግን ጣቢያውን፣ ሆቴሉን፣ ሆስፒታሉን ነው። ከትንሽ ወርክሾፕ የሚወጣን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ካርቶን የሚያርም የለም። ስለዚህ ቀልዱ ቤጂንግ ላይ እየሳሳ ሲሄድ የእኛ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደወፈረ አለ።

ስልክዎን ማዘጋጀት

ዋናው ዘዴ እንግሊዝኛውን ትቶ ወደ ቻይንኛው መመለስ ነው። በካሜራ የሚተረጉም መተግበሪያ በስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ዋይፋይ ባለበት ቦታ የቻይንኛና የእንግሊዝኛ ፋይሎቹን አውርደው ያስቀምጡ፣ ሱቅ ውስጥ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። የሚነበበውን ቋንቋ «ቻይንኛ፣ የተቃለለ» ብለው እርስዎ ራስዎ ይምረጡ። «ራስህ ለይ» ላይ ከተዉት ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ያይና ቻይንኛውን ይዘለዋል።

ካሜራውን እያንቀሳቀሱ ከሚያነቡ ፎቶ ያንሱና ፎቶውን ያስተርጉሙ፤ በቀጥታ ሲነበብ ቃሉ በየሰከንዱ ይቀያየራል። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ ከመብራቱ ዞር ያድርጉት። ክብ ጠርሙስን በአንድ ፎቶ አይጨርሱትም፤ እያዞሩ ሦስት ጊዜ ያንሱት፣ ጫፍ ላይ የጠመመ ፊደል በሌላ ፊደል ይሳሳታል። ከዚያ ጽሑፉን አንዴ ወደ እንግሊዝኛ፣ አንዴ ወደ አማርኛ ያስተርጉሙ። ሁለቱ አንድ ነገር ካሉ ይቀበሉት፤ ከተለያዩ መስመሩን ለብቻው ቆርጠው እንደገና ያስነብቡት። በነጠብጣብ የታተመ ቀንና የምርት ቁጥር በማሽን አያስነብቡ፣ በዓይንዎ ያንብቡ።

ቻይንኛው አምስት መስመር ሆኖ እንግሊዝኛው ሁለት ከሆነ የጎደለውን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ማስጠንቀቂያው ነው፤ አስተርጓሚው ከባድ ሆኖበት ወይም ቦታ ጠቦት የሚዘለው እሱን ነው።

መለኪያ፦ የማያስቁት ስህተቶች

ቻይናውያን ሁለት ዓይነት መለኪያ ጎን ለጎን ይጠቀማሉ፤ ዓለም አቀፉንና የራሳቸውን። ለክብደትና ለመሬት ስፋት የሚጠቅም አንድ ምልክት አለ፦ ከቁጥሩ ኋላ ያለው መለኪያ ሁለት ፊደል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዓለም አቀፉ ነው፤ አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ከግራምና ከቶን በቀር፣ የቻይና ነው።

ከሚዛን እንጀምር። «ጎንግጂን» ሁለት ፊደል ነው፣ ኪሎ ማለት ነው። «ጂን» አንድ ፊደል ነው፣ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ዋጋ የሚያሰሉት ዲጂታል ሚዛኖች አንዳንዶቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይር ቁልፍ አላቸው፤ ቁልፉ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ኪሎግራም» ሊል ይችላል፣ ወይም ምንም አይልም። በጂን ላይ የተቀመጠ ሚዛን አንድ ኪሎ ቡናን ሁለት ያደርገዋል። «ጋሼ፣ ሚዛኔ ልክ ነው» ብሎ የሚምለው ልጅ ላይዋሽ ይችላል፤ ሲያጸዳው ቁልፉን ነክቶት ይሆናል። መፈተሻው ቀላል ነው። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያስቀምጡበት፤ 0.5 ገደማ ካሳየ ኪሎ ላይ ነው፣ 1 ገደማ ካሳየ ጂን ላይ ነው። ባለሱቅ ከሆኑ ይህን ጠዋት ጠዋት ያድርጉት።

ወደ እርሻ ኬሚካል ስንመጣ ስህተቱ በጣም ይከብዳል። ከወንጂ እስከ ቆቃና መቂ ድረስ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ብዙውን ግብዓት የሚሸምተው አዳማ ነው። የቻይና የመሬት መለኪያ «ሙ» ይባላል፤ አንድ ሙ 667 ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ 15 ሙ አንድ ሄክታር ይሞላል። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ «ኤከር» ተብሎ ይጻፋል። ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ነው፤ ስድስት እጥፍ።

ጠርሙሱ «30 ሚሊ ሊትር በኤከር» ይላል እንበል። ቻይንኛው ላይ ግን ከ30 ሚሊ ሊትር ኋላ ያለው አንዲቱ ፊደል ሙ ናት። ማሳዎ ሩብ ሄክታር ቢሆን 2,500 ካሬ ሜትር ነው፣ ማለትም 3.75 ሙ፤ ትክክለኛው መጠን 112 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። በኤከር ቢያሰሉት 18.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ተባዩ አይሞትም፤ ገበሬው «መድኃኒቱ ፎርጂድ ነው» ይላል፣ ደጋግሞ ይረጫል፣ ተባዩም መድኃኒቱን ይለምደዋል። በተገላቢጦሽ ደግሞ ሁሉም «ኤከር» ስህተት ነው ብሎ ዝም ብሎ ስድስት እጥፍ ማብዛት ሰብሉን ያቃጥላል፣ ሰውንም ይጎዳል። ቻይንኛው ላይ ሁለት ፊደል ካለ እውነተኛ ኤከር ወይም ሄክታር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን ይቁጠሩ፣ በካሜራ ያስነብቡት፣ ከዚያ ውጤቱን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩ። በአገራችን ተመዝግቦ የገባ ኬሚካል ከሆነ የአገር ውስጥ መለያው ላይ ያለው መጠን ከሁሉም ይቀድማል።

እዚያው ጠርሙስ ላይ ሌሎች ሦስት ሐረጎች አሉ። «1000 ታይምስ ሊኩይድ» አንድ ሺህ ጊዜ ርጩ አይደለም፤ በሺህ እጥፍ ውሃ አቅጥኑ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ውሃ፣ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 16 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር። «15 ኪሎግራም ዋተር» ሲል 15 ሊትር ማለቱ ነው፤ ውሃን በኪሎ መጻፍ ልማዳቸው ነው።

ሁለተኛው «ሴፍ ኢንተርቫል 7 ዴይስ» ነው። ብዙ ሰው በአንዱ ርጭትና በሚቀጥለው መካከል ያለ ጊዜ ይመስለዋል። አይደለም፤ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰቢያ ያለው ቀን ነው። ቲማቲሙን በአራተኛው ቀን ለቅሞ ገበያ ያወጣ ሰው መለያውን ተከትዬ ነው የሠራሁት ብሎ ያምናል፣ የሚበላው ግን መርዙን ይበላል። ሦስተኛው «ኢን ኤ ኳርተር 2 ታይምስ» የሚለው ነው። ቻይንኛው «ጂ» የዓመት ሩብም የሰብል ወቅትም ነው፤ እዚህ ላይ ወቅቱን ነው የሚለው። በአንድ የሰብል ወቅት ከሁለት ጊዜ በላይ አይረጭም ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ምንም ቢበላሽ የማይዋሽ አንድ ነገር የመለያው ግርጌ ላይ አለ። በቻይና ደንብ የኬሚካል መለያ ታች በኩል ባለቀለም መስመር ይኖረዋል፦ አረንጓዴ ፀረ አረም፣ ቀይ ፀረ ተባይ፣ ጥቁር የፈንገስ መድኃኒት፣ ሰማያዊ የአይጥ መርዝ፣ ደማቅ ቢጫ የዕድገት መቆጣጠሪያ። ሻጩ «ለትል ነው» ብሎ አረንጓዴ መስመር ያለው ጠርሙስ ከሰጠዎት አይውሰዱት፤ ትሉ ተርፎ ሽንኩርቱ ነው የሚደርቀው።

ቧንቧ ለሚገዛ ደግሞ፦ «ፎር ሚኒት ፓይፕ» የአራት ደቂቃ ቧንቧ አይደለም። «ፈን» ደቂቃም ነው፣ የኢንች ስምንተኛም። አራት ፈን አራት ስምንተኛ ነው፣ ማለትም ግማሽ ኢንች። «ሲክስ ሚኒት» ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። የህንጻ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ በዚህ ተሳስቶ አንድ ካርቶን መጋጠሚያ የወሰደ ሰው ጥርሱ አልገጥም ይለዋል።

የአዳማን ሙቀት የማይችል ሰው ኤሲ ሲያማርጥ «1.5 ሆርስ» የሚል ያጋጥመዋል። ፈረሱ «ፒ» የሚባለው የቻይና አጠራር ነው። አንድ ፒ በግምት 2,500 ዋት፣ አንድ ተኩል ፒ 3,500 ዋት የማቀዝቀዝ አቅም ነው፤ ሱቆቻችን 9,000 እና 12,000 ቢቲዩ ከሚሏቸው ጋር ይቀራረባሉ። ይህ ኤሲው የሚያወጣው ቅዝቃዜ እንጂ ከቆጣሪ የሚስበው ኃይል አይደለም፤ የሚስበው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ብሬከር ለመምረጥ የፍጆታውን ዋት ለብቻው ይፈልጉ።

ፓወር ባንክ ላይ ሁለት ቁጥር ይኖራል። ትልቁ፣ ለምሳሌ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ በውስጡ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ትንሹ ቁጥር፣ 12,000 ገደማ፣ በ5 ቮልት ወደ ስልክዎ የሚወጣው ነው። እንግሊዝኛው ትልቁን ብቻ ይዞ ትንሹን ይተዋል። ቻይንኛውን ያስነብቡና በትንሹ ይተማመኑ፤ ጭራሽ ትንሹ ቁጥር ከሌለ ዋጋውን ያስቀንሱ።

ኤሌክትሪክ

የቻይና ዕቃ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ይሠራል፣ የእኛም መስመር እንደዚያው ነው፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎት። የሚያሳስበው የሽቦው ስያሜ ነው። «ፋየር ላይን» የእሳት አደጋ መስመር አይደለም፤ ኃይል ያለበት ሽቦ ነው፣ የሚገድለው። «ዜሮ ላይን» ደግሞ ምንም የሌለበት ሽቦ ሳይሆን ኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ነው፤ ዜሮ ስለተባለ ብቻ በእጅ አይያዝም። «ግራውንድ ላይን» ወይም «ፍሎር ላይን» የሚለው የመሬት ሽቦው ነው፣ ቢጫና አረንጓዴ የተጠላለፈበት። ሰማያዊው ኒውትራል ነው። እንግሊዝኛው ምን ይበል ምን፣ ከመንካት በፊት ቴስተር።

«ኤር ስዊች» የሚል ትንሽ ሳጥን ከአየር ማቀዝቀዣ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ተራ ብሬከር ነው፣ ብልጭታውን አየር ውስጥ ስለሚያጠፋው ነው ስሙ። ስሙ በቻይንኛ ሲያጥር «ኮንግ ካይ» ይባላል፤ ፊደል በፊደል ከተተረጎመ «ባዶ ክፍት» ይወጣል። «ሊኬጅ ፕሮቴክተር» የሚለውን ለቧንቧ ፍሳሽ ነው ብሎ የሚወስድ ሰው አለ። የሚፈሰው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ሰው ሲይዘው የሚያቋርጠው መከላከያ ነው። ፊቱ ላይ 30 ሚሊ አምፒር እና 0.1 ሰከንድ የሚሉ ቁጥሮች ይፈልጉ፤ ለሻወርና ለወጥ ቤት የሚሆነው ይህ ነው።

እዚሁ መከላከያ ላይ አንድ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ አጠገቧ የቻይንኛ መስመር ብቻ ያለባት፤ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ አይተረጎምም። የሚለው «በየወሩ አንድ ጊዜ ይጫኑ» ነው። ሲጫኗት መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ዕቃው ሞቷል፣ ይቀየር።

«ደረቅ ማቃጠል ክልክል» የሚለው ውሃ ሳይኖር አታብራ ማለት ነው። የሻወር ማሞቂያ ላይ «ፈርስት ዋተር፣ ዜን ኤሌክትሪክ» የሚል ካገኙ እንዳይስቁ፣ ካሉት ሁሉ ትክክለኛው መስመር ነው፦ መጀመሪያ ውሃውን ክፈት፣ ከዚያ ማብሪያውን። ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ሂተሩ ተቃጠለ የሚባለው አብዛኛው ማብሪያው ሳይጠፋ ውሃ ሲሄድ ነው።

የእጅ ሰዓት ላይ «ላይፍ ዋተርፕሩፍ» የዕድሜ ልክ ዋስትና አይደለም። «ላይፍ» የተባለው የዕለት ኑሮ ነው፤ እጅ ሲታጠቡ የሚረጭ ውሃ ይችላል፣ ከዚያ አያልፍም። «30 ሜትር» ቢልም ለዋና አይሆንም። ሶደሬ ሲወርዱ ከእጅዎ ላይ ያውልቁት፤ ሙቅ ውሃ ጎማውን ከቀዝቃዛው ቶሎ ያላላዋል።

ቀን፣ ጋራንቲና ቅባት

ቻይናውያን ቀንን የሚጽፉት ከዓመት ጀምረው ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። 20250308 ማለት መጋቢት 8 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.። 25/03/08 ብለው ካሳጠሩትም ያው ነው፤ ከመጨረሻው አይጀምሩ።

የሚበላ ነገር ላይ ያለው ብቸኛ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የተመረተበት ነው። የሚያበቃበት ቀን ለብቻው በወር ይጻፋል፣ እንግሊዝኛው ደግሞ «ጋራንቲ 18 መንዝስ» ይለዋል። ብስኩት ጋራንቲ የለውም። ሐረጉ ጥራቱን ጠብቆ የሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው። ከላይ ያለው ቀን ላይ 18 ወር ሲደመር መስከረም 8 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ይመጣል፣ ማለትም ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም.። ሒሳቡን በፈረንጅ ጨርሰው መጨረሻ ላይ ይቀይሩት፤ በእኛ ወራት እየቆጠሩ ከሄዱ ጳጉሜን ላይ ይወድቃሉ።

«ስሪ ፓኬጅስ» ወይም «ስሪ ባግስ» የሚል ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ካገኙ ሦስት ከረጢት አይፈልጉ። «ባው» ከረጢትም ዋስትናም ነው፤ ሦስቱ ዋስትናዎች መጠገን፣ መቀየርና ገንዘብ መመለስ ናቸው። ወረቀቱ ቻይና ውስጥ ላለ ገዢ የተጻፈ ነው። አዳማ ላይ የሚጠቅምዎት የሻጩ ደረሰኝ ነው።

«ግሉሚ ኤንድ ኩል ፕሌስ»፣ የተከፋ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ጥላና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማለት ነው። ቅባት ላይ «አውትሳይድ ዩዝ» ከቤት ውጭ ተጠቀም ሳይሆን ለቆዳ ብቻ፣ አይጠጣም ነው። እርጉዝ ሴትን በሚመለከት ሦስት ደረጃ አላቸው፦ በጥንቃቄ፣ ባይጠቀሙ ይሻላል፣ ክልክል። እንግሊዝኛው ሦስቱንም «ኬርፉል» ሊላቸው ስለሚችል ቻይንኛው ሳይነበብ ለእርጉዝ አይቀባ።

የራስን ሰሌዳ ሲያጽፉ

አዳማ የኢንዱስትሪ ፓርኩም የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹም በቻይና ኩባንያዎች የተሠሩባት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈጣን መንገድም የሚያበቃባት ከተማ ናት፤ ምግብ ቤቶች ለቻይናውያን ሜኑ ማዘጋጀት ቢፈልጉ አያስገርምም። እዚህ ላይ ማሽኑ እኛንም እንደዚያው ያዋርደናል። አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ «ዋና» መዋኛም ዋነኛም ነው፣ «ገና» በዓሉም «እስካሁን» ማለትም ነው። «ዋና በር» የመዋኛ በር፣ «ገና አልተከፈተም» የገና በዓል አልተከፈተም ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

ቻይናውያን ለምግብ ስም ያገኙት መፍትሔ ይበጀናል። ከኦሊምፒኩ በፊት ቤጂንግ ላይ ከ2,000 በላይ የምግብ ስሞች እንግሊዝኛ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። «የባልና የሚስት ሳምባ ቁርጥ» ይባል የነበረው የከብት ሥጋና የሆድ ዕቃ በበርበሬ ዘይት መሆኑ ተጻፈ፤ «ወሲብ ያልፈጸመ ዶሮ» ጫጩት ዶሮ ሆነ። መንገዱ ዋናውን ግብዓት፣ አበሳሰሉንና ማጣፈጫውን መግለጽ ነው፤ ተለዋጭ የሌለው ስም እንደ ድምፁ ይቀራል። ስለዚህ ክትፎን «ክትፎ» ብለው በድምፁ ያስቀምጡና ከሥሩ «የተከተፈ የበሬ ሥጋ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ፣ ጥሬ» ብለው ያስተርጉሙ። «ለብ ለብ» የሚለውን ለማሽን አይስጡ፤ «በትንሹ የሞቀ» ይበሉት። በያይነቱ ላይ የጾም መሆኑን፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደሌለው ይጻፉ።

ሰሌዳ ሲሆን አጭር ይጻፉ፣ ግሱን ይጥቀሱ። «ስለ ትብብርዎ እያመሰገንን መኪናዎን እዚህ ባያቆሙ» ዓይነት ጨዋ አባባል ሲተረጎም ክልከላው ጠፍቶ ምስጋናው ይቀራል፤ «እዚህ መኪና አያቁሙ» ይበሉ። ቻይንኛውን በአንድ መተግበሪያ አስተርጉመው በሌላ መተግበሪያ ወደ አማርኛ ይመልሱት። ተመልሶ የመጣው ከጻፉት የተለየ ከሆነ የአማርኛውን አረፍተ ነገር ያስተካክሉ፣ ቻይንኛውን አይነካኩ። ፋብሪካ ውስጥ በአስተርጓሚነት የሚሠራ የሰፈር ልጅ ካለ ለሻይ ጋብዘው ያሳዩት።

ፕላስቲክ ሰሌዳ ከማሠራትዎ በፊት በተራ ወረቀት አትመው በሩ ላይ ለሳምንት ይለጥፉት። ቻይናዊ ደንበኛ ቆም ብሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ካነሳው፣ የትኛው መስመር እንዳሳቀው ጠይቀው እሱን መስመር ይቀይሩ።